ምዕራፍ ዘጠኝ፦ የላይሲን ዱቄትና የድመትዎ ቫይረስ

አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ያነባል፤ ጠዋት ሲነሱ በዓይናር ተጣብቆ ያገኙታል። ታስነጥሳለች። አፍንጫዋ ይደፈናል፤ የምትወደውን ምግብ ቀረብ ብላ አይታው ትመለሳለች። ሐኪም ዘንድ ይዘዋት ይሄዳሉ። ሐኪሙ ዓይኗን ገልጦ ያያል፣ ትንፋሿን ያዳምጣል፤ ከዚያም «ሄርፐስ ነው» ይላል። «አሁን ይሻላታል፤ ቫይረሱ ግን ከሰውነቷ አይወጣም።»

ይህን ሰምቶ ዝም ብሎ ቤቱ የሚገባ ሰው ጥቂት ነው። እንስሳ የሚወድ ሰው አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋል፤ በየቀኑ በገዛ እጁ የሚሰጠው፣ «እየረዳኋት ነው» የሚያሰኘው ነገር። ይህን ፍላጎት ከልቤ አከብረዋለሁ፤ ለድመቷም ትልቅ ሀብት ነው። ያለ ቦታው ሲውል ግን ያሳዝነኛል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችን መልሱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የቤት እንስሳት ዕቃ በሚሸጥባቸው መደብሮች «የበሽታ መከላከያ አቅም ይገነባል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዱቄት፣ ጄልና ለስላሳ ብስኩት ሞልቷል፤ ለድመት ከተሠሩት መካከል በብዛት ከሚሸጡት አንዱ ላይሲን ያለበት ነው። አዲስ አበባ ያለ ባለ ድመትም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለው በሻንጣ ሊያስመጣው ይችላል። ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ላይሲን የድመትን ሄርፐስ አይከላከልም፣ አያክምም። ለምን እንዲህ እንደምል፣ ገንዘብዎንና ድካምዎን ደግሞ የት ቢያውሉት እንደሚሻል በዚህ ምዕራፍ እንመለከታለን።

የተዳፈነው እሳት

የድመት ሄርፐስ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ በከባድ ጉንፋን ከታመሙ የድመት ግልገሎች ተገኘ። ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ልጆች ያሉበት ቤት በዚህ ምክንያት ድመት ማስወጣት የለበትም። ዘመዱ ግን ሰው ላይም አለ። እኛ ምች መታኝ ስንል ከንፈር ላይ የሚወጣው ውኃ የቋጠረ ቁስል ብዙ ጊዜ የሰው ሄርፐስ ሥራ ነው። ትኩሳት ሲይዝዎ ወይም ፀሐይ ሲመታዎ ያው ቁስል በዚያው ቦታ የሚመለሰው ቫይረሱ ከሰውነትዎ ወጥቶ ስለማያውቅ ነው።

ድመቷም ላይ እንዲሁ ነው። ቫይረሱ በዓይን፣ በአፍንጫና በአፍ ይገባና እዚያው ይራባል። ሁለት ሳምንት ያህል ካስጨነቃት በኋላ ምልክቱ ይጠፋል፤ ቫይረሱ ግን ከፊት ወደ አንጎል የሚሄደውን ትልቅ ነርቭ ተከትሎ ወደ ውስጥ ይጓዝና በነርቩ ሥር ባሉት ሕዋሳት ውስጥ እንደተዳፈነ እሳት ይቀመጣል። እዚያ ሲተኛ ስለማይራባ የሰውነት መከላከያ አያገኘውም፤ መድኃኒትም አይደርስበትም። አንድ ጊዜ ከተያዙ ድመቶች 80 በመቶ ያህሉ ዕድሜ ልካቸውን ተሸካሚ ሆነው እንደሚቀሩ የእንስሳት ሕክምና መጻሕፍት ይናገራሉ። ሁሉም ግን ደጋግመው አይታመሙም፤ ብዙዎቹ ተሸካሚ መሆናቸው እንኳ ሳይታወቅ ያረጃሉ።

የተኛውን የሚቀሰቅሰው ጭንቀት ነው፦ ቤት መቀየር፣ አዲስ ድመት ወይም ውሻ መምጣቱ፣ መውለድና ማጥባት፣ ሌላ በሽታ፣ ኮርቲዞን ያለበት መድኃኒት። ድመት ደግሞ በለውጥ የሚጨነቅ ፍጥረት ናት፤ እኛ ደስታ የምንለው ግርግር ለእሷ መከራ ሊሆን ይችላል። የፋሲካን ሰሞን ያስቡት። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል። ግቢ ውስጥ በግ ታስሮ ይጮኻል። ከክፍለ ሀገር የመጡ ዘመዶች ሳሎን ያድራሉ፤ እሷ የምትተኛበት ሶፋ ተይዟል፤ ልጆች ከአልጋ ሥር እየጎተቱ ያወጧታል። በዓሉ ዕለት ግን ምንም አልሆነችም። አንድ ጊዜም አላስነጠሰችም።

ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ የምዕራፉ ቁልፍ እዚህ ነው። ጥናቶች እንዳሳዩት ተሸካሚዋ ድመት ቫይረሱን መርጨት የምትጀምረው ጭንቀቱ በደረሰባት ዕለት ሳይሆን ከ4 እስከ 11 ቀን ቆይታ፣ በአማካይ ከሳምንት በኋላ ነው። መርጨቱ ከጀመረ ደግሞ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ ያቆማል። ስለዚህ እንግዶቹ ተሸኝተው፣ ቤቱ ተጠርጎ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ቡና ሲፈላ ነው ዓይኗ ማንባት የሚጀምረው። ያን ጊዜ ፋሲካን የሚያስታውስ የለም። ትናንት የበላችው ምግብ ይወቀሳል፣ ብርዱ ይወቀሳል፣ «ምን ነካት?» ይባላል።

ላይሲን እንዴት ተመረጠ?

ላይሲን ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል ውስጥ በብዛት ይገኛል። አርጂኒን የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድም አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሰውን ሄርፐስ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎች ቫይረሱ ለመራባት አርጂኒን እንደሚያስፈልገው፣ ላይሲን ሲበዛበት ደግሞ መራባቱ እንደሚዳከም አስተዋሉ። ሁለቱ አሚኖ አሲዶች ስለሚመሳሰሉ ላይሲን የአርጂኒንን መንገድ ይሻማል የሚል ሐሳብ ተወለደ። ከዚያ በኋላ የከንፈር ቁስል የሚመላለስባቸው ሰዎች የላይሲን እንክብል መዋጥ ጀመሩ፤ ሐሳቡም ወደ ድመት ተሻገረ።

እ.ኤ.አ. በ2000 በድመት ቫይረስ ላይ ተመሳሳይ የላቦራቶሪ ሙከራ ታተመ። ውጤቱ ተስፋም ማስጠንቀቂያም ነበረው፦ ሕዋሳቱ የሚያድጉበት ፈሳሽ ውስጥ አርጂኒን በጣም ሲያንስ ላይሲን ቫይረሱን አዳከመው፤ አርጂኒኑ በቂ ሲሆን ግን ላይሲኑ ምንም አላደረገም። ተስፋውን ሰዎች ይዘው ሄዱ። በ2002 በ8 ድመቶች ላይ በተደረገ ሙከራ ቫይረሱ ዓይናቸው ውስጥ ከመጨመሩ በፊት ጀምሮ 500 ሚሊ ግራም ላይሲን በቀን ሁለት ጊዜ የተሰጣቸው ድመቶች የዓይን ሕመማቸው ካልተሰጣቸው ቀለል ያለ ሆነ። በ2003 ደግሞ ቫይረሱን ተሸክመው በቆዩ 14 ድመቶች ላይ በተሠራ ጥናት በቀን 400 ሚሊ ግራም የተሰጣቸው ቫይረሱን የረጩባቸው ጊዜያት አነሱ። ሙከራዎቹ ጥቂት ድመቶች ላይ የተሠሩ ቢሆኑም አጥኚዎቹ በቅንነት የሠሯቸው ነበሩ። የዱቄቱ ስም የገነነው በእነዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ ድመቷ ራሷ መጠየቅ አለብን። አርጂኒን ለድመት ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1978 ጄምስ ሞሪስና ኩዊንተን ሮጀርስ የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዴቪስ) ተመራማሪዎች ሌላው ሁሉ የተሟላለት፣ አርጂኒን ብቻ የጎደለው ምግብ ለድመቶች አቀረቡ። አንድ ጊዜ መብላት በቂ ሆነ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ድመቶቹ ያስመልሳቸው፣ ይዝለፈለፉ፣ ለሃጫቸው ይዝረከረክ ጀመር፤ ደማቸው ውስጥ አሞኒያ የተባለው መርዛማ ነገር ከፍ ብሎ ተገኘ። ምክንያቱ የድመት ሥጋ በልነት ነው። ሰውነቷ ሌሊትና ቀን ፕሮቲን ያቃጥላል፤ ከፕሮቲን ቃጠሎ የሚተርፈውን አሞኒያ ጉበቷ ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንት የሚያስወጣው ደግሞ በአርጂኒን እየታገዘ ነው። ሰውና ውሻ አርጂኒን ሲጎድልባቸው ከሌላ ነገር አብቃቅተው ለጊዜው ይሠራሉ። ድመት ይህን ማድረግ አይሆንላትም። ከዚህ የከፋ ጥገኝነት ያለበት ሌላ የቤት እንስሳ አላውቅም።

እንግዲህ ያስቡት። የላይሲን ሐሳብ በሙሉ የቆመው «ቫይረሱን አርጂኒን እንከልክለው» በሚል ነው። ላይሲኑ በእርግጥ የድመቷን አርጂኒን የሚያወርድ ቢሆን ኖሮ ከቫይረሱ በፊት እሷ ትጎዳ ነበር። ደግነቱ ብዙ ላይሲን በተሰጣቸው ድመቶች ላይ ደማቸው ሲለካ አርጂኒናቸው አልወረደም። ካልወረደ ደግሞ ቫይረሱ ምን ጎደለበት? ላይሲን ይሠራል በተባለበት መንገድ ቢሠራ አደገኛ ነበር፤ በዚያ መንገድ የማይሠራ ከሆነም የሚሰጥበት ምክንያት ወድቋል። ይህን የተረዳ ሰው የትኛውንም ማስታወቂያ በሌላ ዓይን ያነበዋል።

ብዙ ድመቶች ላይ የተሠሩት ጥናቶች ሲመጡ ውጤታቸው ከዚህ የከፋ ሆነ። በ2007 በታተመ ጥናት 50 ድመቶች ለ52 ቀናት ተከታትለዋል፤ ላይሲን የበዛበት ምግብ የበሉት ድመቶች ሕመም ካልበሉት በረታ። በ2008 በአንድ የእንስሳት መጠለያ የተሠራ ሙከራ ላይሲን ጉንፋኑን እንዳልከለከለ አሳየ። በ2009 በ261 የመጠለያ ድመቶች ላይ በተሠራው ደግሞ ላይሲን ከተሰጣቸው መካከል መካከለኛና ከባድ ሕመም የታየባቸው በዝተው ተገኙ። በ2015 ሴባስቲያን ቦልና ኤቬሊን ቡኒክ እስከዚያ ድረስ የታተመውን ሁሉ ሰብስበው መረመሩ፤ መደምደሚያቸውም ላይሲን የድመትን ሄርፐስ አይከላከልም፣ አያክምም፣ መስጠቱ በአስቸኳይ ይቁም የሚል ነበር። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ታዲያ ለምን «ሠራልኝ» ይባላል?

ወደ ፋሲካዋ ድመት እንመለስ። ዳግማይ ትንሣኤ ላይ ማንባት ጀመረች። ባለቤቷ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቃል፤ ሲብስባት ይደነግጣል፤ ዱቄቱን ይገዛል። ዱቄቱ የሚጀመረው ሕመሙ ጫፍ በደረሰበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ በራሱ ሥርዓት ተመልሶ ይተኛል፤ በሳምንት ጊዜ ዓይኗ ይጠራል። ባለቤቷ በገዛ ዓይኑ ያየው ይህን ነው፦ ዱቄቱን ሰጠ፣ ዳነች። ምስክርነቱ እውነተኛ ነው፤ ሰውየውም ታማኝ ነው። የሚመላለስ በሽታ ላይ የሚሰጥ ማንኛውም ነገር ግን እንዲህ ያለ መልካም ምስክር አያጣም። ለዚህ ነው ያልተሰጣቸውን ድመቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት የሚያስፈልገው፤ እነሱም በሳምንቱ ይድናሉና።

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚሉ ሐኪሞችም አሉ። በዚህ አልስማማም። ለድመት አንድ ነገር በግድ መስጠት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። በፎጣ ትጠቀለላለች፤ አንዱ ጭንቅላቷን ይይዛል፣ ሌላው በጉንጯ በኩል ጄሉን ይገፋል፤ ግማሹን ትተፋለች፣ ግማሹ ደረቷ ላይ ይቀራል፤ ስትለቀቅ ሮጣ አልጋ ሥር ትገባለች። በማግስቱ የሳህኑን ድምፅ ስትሰማ ገና ትሸሻለች። ይህ በቀን ሁለት ጊዜ ለወራት ሲደጋገም ቫይረሱን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ጭንቀት በየቀኑ እየተሰጣት ነው ማለት ነው። ምግቧ ላይ የተነሰነሰ ዱቄትም ምግቡን ሊያስጠላት ይችላል፤ አፍንጫዋ ለተደፈነ ድመት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከጓዳ የሚመጣው መድኃኒት

ከፋብሪካ የመጣው ብቻ አይደለም የሚያሳስበኝ። «ልጄ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር አድርገሽ ስጫት፤ ለእኛ ጉንፋን እንዲያ አይደል የምናደርገው?» ይላሉ ለድመቷ ያዘኑ ጎረቤት እማማ። እማማ የተናገሩት ከርኅራኄ ነው፤ ለሰው ጉንፋን ትውልድ የተጠቀመበት ነው። ለድመት ግን ነጭ ሽንኩርትም ቀይ ሽንኩርትም መርዝ ነው። ቀይ የደም ሕዋሷን ያፈርሳል፤ ሲደጋገም ደም ማነስ ያመጣባታል። ጥሬ ቢሆን፣ ቢበስል፣ ቢደርቅ ለውጥ የለውም። ከዚህ የተነሣ የወጥ ትራፊ ለድመት የዘወትር ምግብ መሆን የለበትም፤ የወጣችን መነሻ ሽንኩርት ነውና። ሽሮውም እንዲሁ።

ፓራሲታሞል ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ለሰው ራስ ምታት የሚዋጠው አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም እንክብል ድመትን ሊገድል ይችላል፤ የድመት ጉበት መድኃኒቱን የሚያጣራበት መንገድ እጅግ ደካማ ነው፤ ደሟ ኦክስጅን ማድረስ ያቅተዋል፣ ድዷ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ይሻላታል ብሎ የሰጠ ሰው ሰዓት ሳያባክን ወደ ሐኪም ይሩጥ። የባሕር ዛፍ ዘይትም ለድመት መርዛማ ስለሆነ በባሕር ዛፍ ማጠንም ይቅር። አፍንጫዋን ማስለቀቅ ከፈለጉ መታጠቢያ ቤቱን በተራ ሙቅ ውኃ እንፋሎት ሞልተው ለጥቂት ደቂቃ አብረዋት ይቀመጡ፤ ይህ ብቻውን ይረዳታል።

ጉበት «ያጠነክራታል» እየተባለ በየቀኑ የሚሰጥበት ቤት አለ። አልፎ አልፎ ጥሩ ነው። ለወራት ዋና ምግቧ ሲሆን ግን ቫይታሚን ኤ ይከማችባትና የአንገቷ አጥንቶች እየበቀሉ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ አንገቷን ማዞር፣ ራሷን መላስ ያቅታታል። አውስትራሊያ ውስጥ በ1960ዎቹ የተሠሩ ጥናቶች ይህን አረጋግጠዋል። ቫይታሚን ሲን ደግሞ ድመት በገዛ ጉበቷ ስለምትሠራ መጨመር አያስፈልጋትም።

በጎደለ ጊዜ በእርግጥ የሚጎዳት ታውሪን ነው፤ እሱም ሥጋና ዓሣ ውስጥ ያለ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ታውሪን ሲያንስ የድመት ልብ እንደሚሰፋና እንደሚደክም ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ የፋብሪካ የድመት ምግቦች ይጨምሩታል። በእንጀራና በወተት ብቻ የምትኖር ድመት ካለችዎ የሚያስፈልጋት ዱቄት አይደለም፤ ሥጋ ነው።

ድካምዎን የት ያውሉት?

መጀመሪያ ቤቱ ላይ። እንግዳ የሚበዛበት ሰሞን ሲቃረብ ድመቷን ዝም ባለ ክፍል ውስጥ ከምግቧ፣ ከውኃዋ፣ ከአሸዋ ሳጥኗና ከምትተኛበት ጨርቅ ጋር ያስቀምጧት፤ ልጆች እንዳይገቡባት ይንገሯቸው። ጨርቁን አያጥቡት፤ የራሷ ሽታ ያረጋጋታል። በአዘቦት ቀን መደበቂያ ካርቶንና ከፍ ያለ መቀመጫ ይኑራት። ከአንድ በላይ ድመት ካለዎት ሳህኖቹ ይራራቁ፤ የአሸዋ ሳጥኑም ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ። አዲስ ድመት ሲያመጡ በአንድ ቀን አያገናኟቸው፤ መጀመሪያ በበር ተለያይተው ሽታ ይለማመዱ። የዕጣንና የከሰል ጢስ አፍንጫዋን ስለሚያቃጥል ቡና ሲፈላ ከክፍሉ የምትወጣበት በር ይከፈትላት። ይህ ሁሉ ተራ ነገር ይመስላል። ግን የተኛውን ቫይረስ ሳይቀሰቅሱ የሚያቆዩት ነገሮች እነዚህ ናቸው፤ የትኛውም ዱቄት ይህን አላደረገም።

ሲነሣባት ደግሞ ዓይኗን ይጠብቁ። ውኃ አፍልተው ያብርዱ፤ ለብ ሲል ንጹሕ ጥጥ ነክረው በዓይናሩ ላይ ጥቂት ሰከንድ ያቆዩት፤ እስኪለሰልስ ይጠብቁ እንጂ አይፋቁ። ከዚያ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ አንድ ጊዜ ጠርገው ጥጡን ይጣሉት። ለሌላው ዓይን ሌላ ጥጥ። አፍንጫዋንም እንዲሁ። ምግቧን በትንሹ ያሙቁት፤ ድመት በአፍንጫዋ ነው የምትበላው፣ የሞቀ ምግብ ሽታው ይጎላል። ለአንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ይጥሩ፤ ለቀናት የጾመች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ይሞላና ከቫይረሱ የባሰ በሽታ ይይዛታል። ዕቃዎቿን በውኃ በተበረዘ በረኪና አጥበው በደንብ ያለቅልቁ። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ደካማ ነው፤ ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም።

ዓይኗ ከብርሃን ከሸሸ፣ የዓይኗ መስታወት ከደበዘዘ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም የታመመችው ግልገል ከሆነች ቤት ውስጥ አይጠብቁ። ሐኪሙ ዓይኗ ላይ ቀለም ጨምሮ ቁስል መኖሩን ያያል። ከመድኃኒት ቤት ለሰው የተገዛ የዓይን ጠብታ በራስዎ አይጨምሩ፤ ዴክሳሜታሶን ያለበት ጠብታ መቅላቱን ለጊዜው አጥፍቶ ከሥሩ ያለውን የሄርፐስ ቁስል ያሰፋዋል። ዓይን የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ቫይረሱን የሚያዳክም መድኃኒት አለ። ፋምሲክሎቪር በአፍ የሚሰጥ፣ መጀመሪያ ለሰው የተሠራ፣ ለድመት ሄርፐስ የተሞከረና የረዳ ነው፤ መጠኑን ሐኪም ይወስናል። ሲዶፎቪር በጠብታ መልክ ዓይን ላይ ይጨመራል። «ሄርፐስ ከሆነማ አሳይክሎቪር መድኃኒት ቤት አለ» ብለው ግን እንዳይገዙ አደራ። ድመት የአሳይክሎቪርን እንክብል በደንብ አታዋህደውም፤ መቅኔዋንም ይጎዳል። ወንድሙ ቫላሳይክሎቪር እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት ድመቶችን ጉበታቸውንና ኩላሊታቸውን ጎድቶ ለሞት ዳርጓል። ክትባቱ መያዝን ፈጽሞ ባያስቀርም ሕመሙን በጣም ያቀለዋል፤ ግልገሎች በጊዜው ይከተቡ።

ስለ ሌሎቹ ነዋሪ ቫይረሶች

የድመት ኤድስ የሚባለውን ቫይረስ ኒልስ ፔደርሰንና ጃኔት ያማሞቶ በ1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ አገኙት፤ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ከድመት ወደ ድመት የሚሄደው በዋናነት በንክሻ ነው። የድመት ሉኪሚያ ቫይረስን ደግሞ ዊልያም ጃሬት በ1964 ግላስጎ ውስጥ ለይቷል። ሁለቱንም ከሰውነት የሚያስወጣ ተጨማሪ ምግብ የለም። ቫይረሱ ያለባትን ድመት ዕድሜ የሚያረዝመው እንዳትጣላ ማምከን፣ ከቤት እንዳትወጣ ማድረግ፣ ጥሬ ሥጋ አለመስጠት፣ ጥርሷንና ክብደቷን በየስድስት ወሩ ማስመርመር ነው። የኤድስ ቫይረስ ያለባት ድመት እንዲህ ተይዛ ለብዙ ዓመታት በጤና መኖር ትችላለች።

የድመት ኮሮና ቫይረስ ታሪክ ደግሞ ተስፋ ይሰጠኛል። ይህ ቫይረስ አንዳንድ ድመት ውስጥ ተለውጦ ሆድን በፈሳሽ የሚሞላ በሽታ ሲያመጣ ለዘመናት ሞት ማለት ነበር፤ ቫይታሚኑም ዱቄቱም ሁሉ ተሞክሮ አላዳነም። ያው ፔደርሰን ከባልደረቦቹ ጋር ጂኤስ-441524 የተባለውን ፀረ ቫይረስ መድኃኒት በተፈጥሮ በታመሙ 31 ድመቶች ላይ ሞክሮ በ2019 ሲያሳትም 25ቱ ለረጅም ጊዜ በሕይወት ቆይተው ነበር። ያዳናቸው የቫይረሱን መራባት በቀጥታ የሚያቆም፣ ድመት ላይ የተሞከረ፣ መጠኑ የታወቀ መድኃኒት ነው።

ፕሮባዮቲክን በተመለከተ አቋሜ ለስለስ ይላል። ኢንቴሮኮከስ ፌሲየም የተባለው ጠቃሚ ባክቴሪያ ሄርፐስ ባለባቸው ጥቂት ድመቶች ላይ በ2009 ተሞክሮ አንዳንዶቹን እንደረዳ የሚጠቁም ነገር ታይቷል። ትንሽ ጥናት ነው፤ መተማመኛ አይሆንም። ብዙ ድመቶች ጣዕሙን ስለሚወዱት ግን ያለ ትግል ይበሉታል፤ መስጠት የፈለገን ሰው አልከለክልም።

አሁን ላይሲን እየሰጡ ከሆነ

ዛሬ ቢያቆሙት ችግር የለውም፤ ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልግም። ትንሽ ደብተር ይያዙ። በአንድ በኩል ቤት ውስጥ የተለወጠውን ይጻፉ፦ እንግዳ፣ ጉዞ፣ ቀለም መቀባት፣ የሠራተኛ መለወጥ፣ የጎረቤት ኮርማ ድመት በመስኮት መምጣት። በሌላው በኩል ያስነጠሰችበትንና ዓይኗ ያነባበትን ቀን። ስታነባ ባዩ ቁጥር ከአራት እስከ አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቆጥረው በመጀመሪያው ዓምድ ምን እንደተጻፈ ይመልከቱ። ጥቂት ወራት ሲያልፉ የእርስዎን ድመት የሚያስጨንቃት ምን እንደሆነ ለይተው ያውቁታል፤ ደብተሩን ይዘው ሐኪሙ ዘንድ ቢሄዱ ደግሞ ፋምሲክሎቪር መቼ እንደሚጀመርላት ለመወሰን ከየትኛውም ገለጻ ይበልጥ ይረዳዋል።